ለማናውቀው ሰው ስንጸልይ፦ ፈቃድ መጠየቅ፣ እጅ መጫን፣ ርዝመት፣ የስም ዝርዝር

ጀማሪው

ሰላም ለሁላችሁ። ከጉባኤያችን አንድ ቡድን በሳምንት አንድ ቀን ቤት ለቤትና ሆስፒታል እየወጣ ለማያውቃቸው ሰዎች ሊጸልይ ነው፤ እኔም ተመድቤያለሁ። ለወዳጅ ዘመድ መጸለይ አይከብደኝም። ለማላውቀው ሰው ግን በምን እንደምጀምር፣ ምን ያህል እንደማረዝም፣ እጅ መጫን ይገባኝ እንደሆነ ግራ ገብቶኛል። ሰውየው የሌላ እምነት ተከታይ ከሆነስ? የሰበሰብናቸውን ስሞችስ በኋላ ምን እናድርጋቸው? "መንፈስ ይመራሃል" የሚለውን መልስ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፣ አምንበታለሁም። አሁን የምፈልገው በሩ ላይ ከቆምን በኋላ ያለውን ዝርዝር ነው።

ሰፊ መስክ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። ሰውየው ሳያውቅ የምትማልድለት አለ፤ ፊቱ ቆመህ የምትጸልይለት አለ። ለመጀመሪያው የማንም ፈቃድ አያስፈልግህም። ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥1 ምልጃ "ስለ ሰዎች ሁሉ" ይደረግ ብሏል። የቆላስይስ ምእመናንን እሱ ራሱ በአካል አላያቸውም፣ ወሬያቸውን ያመጣለት ኤጳፍራ ነው፤ ያም ሆኖ በቆላስይስ 1፥9-12 የጸለየላቸውን ብታየው ዝርዝር ነው፦ ፈቃዱን ማወቅ፣ በሥራ ፍሬ ማፍራት፣ መበርታት፣ መታገሥ፣ ማመስገን። ለማላውቀው ሰው ምን ልበል ብለህ ከተቸገርክ እነዚህን አምስቱን ውሰድ፤ ከማንም ሕይወት ጋር ይገጥማሉ።

ለሁለተኛው ግን ፈቃድ ግድ ነው፤ ፈቃዱም እምቢ ለማለት የሚያመች መሆን አለበት። "እንጸልይልህ አይደል?" ብለህ እጅህን ከዘረጋህ ጠየቅህ አይባልም። "እኛ ክርስቲያኖች ነን፣ ለሰዎች እየጸለይን ነው። የሚጸለይለት ጉዳይ ካለህ ደስ ይለናል፣ ካልፈለግህም ምንም አይደል" በል፣ ከዚያ ዝም በል። ዝምታው ከአንተ ይልቅ ለሰውየው ያስፈልገዋል። እምቢ ካለ "እሺ፣ ሰላም ዋል" ብለህ ሂድ። "ባትፈልግም እጸልይልሃለሁ" የሚለው የስንብት ቃል ብዙ ጊዜ እንደ ስድብ ይሰማል። መጸለይ ከፈለግህ መንገድ ላይ በልብህ ጸልይ፣ ለእሱ ማሳወቅ አያስፈልግም።

እሺ ካለ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው። ጌታ ዓይነ ስውሩን በርጤሜዎስን "ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?" ብሎታል (ማርቆስ 10፥51)፤ ችግሩ ለማንም ግልጽ ሆኖ ሳለ ጠየቀው። ብዙ ቡድን የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ክራንች ይዞ ያየኸው ሰው የሚያስጨንቀው የልጁ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። አንተ ለእግሩ ከጸለይክ እሱ የተናገረውን አልሰማህም ማለት ነው። የነገረህን በራሱ ቃል አስገባው፤ አታስፋፋው፣ "ይህ የመጣው በኃጢአት ነው" ወይም "መንፈስ ነው" እያልክ ምርመራ አትጨምርበት።

ርዝመቱ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ይበቃል። አባታችን ሆይ ራሱ በተለመደው ፍጥነት ከደቂቃ በታች ነው፤ የተሰጠውም በማቴዎስ 6፥7 በከንቱ መደጋገም ከተነቀፈ በኋላ ነው። ስሙን ጥራ፣ የጠየቀውን ለምን፣ ባርከው፣ አሜን በል። ሦስተኛ ደቂቃ ላይ ከደረስክ ብዙ ጊዜ መጸለይ ትተህ በጸሎት ውስጥ መስበክ ጀምረሃል፦ "ጌታ ሆይ፣ ይህ ወንድም ንስሐ እንዲገባ..."። ያ ወደ ላይ የተላከ አይደለም፣ አጠገብህ ለቆመው ሰው የተነገረ ነው፤ እሱም ያውቀዋል። ወንጌል መናገር ከፈለግህ ከአሜን በኋላ ዓይኑን እያየህ "አንድ ነገር ልነግርህ እችላለሁ?" በለው።

በር ላይ ሁለት ሁኑ፣ ቢበዛ ሦስት። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይጸልያል፣ ዙሪያውንም ያያል። ዓይንህን አትጨፍን፤ መንገድ ዳር አደገኛ ነው፣ ደግሞም የሰውየው ፊት መጨነቁን የሚነግርህ ያኔ ነው። ድምፅህን አታንሣ። ጎረቤት የሰማው ጸሎት ለባለቤቱ ውርደት ሊሆን ይችላል።

የአልጋ ዳር

ሰፊ መስክ ያለውን እቀበላለሁ። የሆስፒታሉ ነገር ግን ራሱን የቻለ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

ወደ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ተረኛዋን ነርስ አነጋግሩ። ማንን መጎብኘት እንደማይቻል፣ የትኛው ክፍል ተላላፊ በሽታ እንዳለበት፣ የማን በሽታ የመከላከል አቅም እንደወረደ የምታውቀው እሷ ናት። ስለ በሽታው አትጠይቋት፤ ልትነግራችሁም አይገባም። በየአልጋው መካከል እጅ ይጸዳል፦ በአልኮል ማሻሻ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በሳሙናና ውኃ ከሆነ ከመታጠብ እስከ ማድረቅ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ። ጉንፋን የያዘው ሰው ያን ቀን ቤቱ ይቅር። ለካንሰር ታካሚ የእናንተ ጉንፋን ቀላል ነገር አይደለም።

በሽተኛው አንገቱን ሳያዞር በሚያያችሁ በኩል ቁሙ፣ ወንበር ካለ ተቀመጡ። አልጋው ላይ አትቀመጡ፤ ቱቦና ገመድም አትንኩ። 5 ደቂቃ በቂ ነው። ራሱን የሳተ ሰው የሚሰማ ሊሆን ስለሚችል በስሙ ጥሩት፣ ቀስ ብላችሁ ጸልዩ፣ "አይተርፍም መሰለኝ" የሚል ሹክሹክታ ክፍሉ ውስጥ አይነገር።

እጅ መጫንን በተመለከተ፣ ለመጸለይ የተሰጠ ፈቃድ ለመንካት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ለየብቻ ጠይቁ። ጳውሎስ የፑፕልዮስን አባት በንዳድና በተቅማጥ ታሞ ሲያገኘው ጸልዮ እጁን ጭኖበታል (ሐዋርያት ሥራ 28፥8)፤ ስለዚህ ልማዱ መጽሐፋዊ ነው። ጌታ ግን የመቶ አለቃውን አገልጋይ ቤቱ እንኳ ሳይገባ በቃል ፈውሶታል። አለመንካት የእምነት ጉድለት አይደለም። ፈቃድ ካገኛችሁ ትከሻ ወይም የእጅ ጀርባ ይበቃል፤ ለሴት ሴት፣ ለወንድ ወንድ ቢሆን ይመረጣል። ራስ ላይ እጅን አጥብቆ መጫን፣ መግፋት፣ መነቅነቅ ፈጽሞ አይደረግም። ለሕፃን ወላጅ ባለበትና በወላጅ ፈቃድ ብቻ ነው። በር ዘግቶ ከሕፃን ጋር ለብቻ መሆን ለማንም አይፈቀድም፣ ለመጋቢም ቢሆን።

በዘይት መቀባትን ያዕቆብ 5፥14 የሚናገረው ታማሚው ራሱ ሽማግሌዎችን ሲጠራ ነው። ሳይጠራችሁ ዘይት ይዛችሁ በየአልጋው አትዙሩ። በተለይ ኦክሲጅን ለተገጠመለት ሰው ፊቱ ላይ ዘይት አይቀባም፤ ቅባትና ኦክሲጅን አንድ ላይ የእሳት አደጋ አላቸው።

አሁን ደግሞ የሰው ነፍስ ወደሚያስከፍለው ስሕተት ልለፍ። "ተፈውሰሃል፣ መድኃኒቱን ተው" የሚል ቃል ከአንዳችሁም አፍ እንዳይወጣ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካቋረጠ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር የሚፈጀው ሕመሙ ከቀለለ በኋላም የሚቀር ባክቴሪያ ስላለ ነው፤ መሃል ላይ ያቆመ ሰው መድኃኒት የተላመደ በሽታ ይዞ ሊመለስና ለቤተሰቡም ሊያስተላልፍ ይችላል። ተሻለኝ የሚል ካለ እግዚአብሔርን አመስግኑና "ሐኪምህ ይየው" በሉት። ጌታ የፈወሳቸውን ለምጻሞች "ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ" ብሎ ልኳቸዋል (ሉቃስ 17፥14)፤ መመርመር እምነትን አይነካም።

"ራሴን ላጠፋ ነው" ወይም "ቤት ውስጥ እደበደባለሁ" ያለ ሰው ሲገጥማችሁ ጸሎት ብቻ አድርጋችሁ አትውጡ። ለማንም አልናገርም ብላችሁም ቃል አትግቡ። ሰውየውን ብቻውን ሳትተዉት ነርሷን ወይም ኃላፊውን ጥሩ።

ዝምተኛዋ

እኔ ትንሽ ልቃወም። ቡድኑ ገና ጀማሪ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በር ባያንኳኳ እመርጣለሁ። ቤቱ ድረስ የመጡ ሁለት ሰዎችን እምቢ ማለት ለብዙ ሰው ከባድ ነው፤ ቃላችሁ የቱንም ያህል ለስላሳ ቢሆን ጫናው አለ። መጀመሪያ ሰፈሩን እየዞራችሁ በዝምታ ጸልዩ። ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ 1 ሰዓት፣ በተለመደው እርምጃ። የምታዩትን አስተውሉ፦ ትምህርት ቤቱን፣ የተዘጋውን ሱቅ፣ የሕክምና ጣቢያውን ሰልፍ፣ ደጃፍ ላይ ብቻቸውን የተቀመጡትን አዛውንት። የምትጸልዩበትን ያያችሁት ነገር ይስጣችሁ። ኤርምያስ ለምርኮኞቹ በ29፥7 የጻፈው የተማረኩባትን ከተማ ሰላም እንዲፈልጉና እንዲጸልዩላት ነው፤ ጠላት ከተማ ናት። ቡድን ሰብስቦ እየጮኸ አጥር መዞር ግን ሌላ ነገር ነው፣ ነዋሪው እንደ ዘመቻ ያየዋል፣ አይፈረድበትምም።

በየቀኑ ኑሮ ውስጥ ደግሞ ለብቻ ሰዓት አትፈልጉለት። ካለ ነገር ጋር እሰሩት። የአምቡላንስ ጩኸት ስትሰሙ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሰልፍ ላይ ከፊታችሁ ለቆመው ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ዜና ላይ ስሙ ለተጠራ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር። ለሁሉም ለመጸለይ የተነሣ ሰው በሳምንቱ ይዝላል። በጥንታዊ የቅዳሴ ጸሎቶችም ለመንገደኞች፣ ለድውያን፣ ለታሰሩ የሚደረገው ልመና አጭር አጭር ነው፤ ብዙ ሰው ያዳርሳል።

ጀማሪው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ የሌላ እምነት ተከታይ ሲሆንና በአስተርጓሚ ስንጸልይ። የስሞቹም ነገር አልተነካም።

ሰፊ መስክ

የሌላ እምነት ተከታይ ከሆነ ጸሎቱ ከመጀመሩ በፊት "የምጸልየው በኢየሱስ ስም ነው፣ ይመችሃል?" በለው። ስሙን ደብቀህ ጀምረህ መጨረሻ ላይ ድንገት ማምጣት ማታለል ይመስላል። ብዙዎች እሺ ይላሉ። እምቢ ካሉም በግልጽ ስለነገርካቸው ያከብሩሃል። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲመርቅ ከሩቅ አገር ስለሚመጣው እንግዳ የለመነው እግዚአብሔር "እንግዳው የሚለምነውን ሁሉ" እንዲያደርግለት ነው (1ኛ ነገሥት 8፥41-43)። እንግዳው አስቀድሞ እንዲለወጥ አልጠየቀም። ምግብ ወይም መድኃኒት የምታድሉ ከሆነም ጸሎቱ የመቀበያ በር እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ መጀመሪያ ይሰጥ፣ ሰውየው ዕቃውን ይዞ መሄድ እንደሚችል ይወቅ፣ ከዚያ የፈለገ ይቆይ።

አስተርጓሚ ካለ ከመውጣታችሁ በፊት ተስማሙ፦ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ይተረጉማል? ወይስ አንተ በቋንቋህ ጸልየህ እሱ መጨረሻ ላይ ፍሬ ነገሩን ይነግረዋል? የመጀመሪያው ጊዜውን በእጥፍ ያስረዝማል፣ ስለዚህ የራስህን ክፍል ወደ 30 ሰከንድ አውርደው። ከሁለቱም የሚሻለው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ አስተርጓሚው አማኝ ከሆነ እሱ ራሱ በሰውየው ቋንቋ ይጸልይ፣ አንተ አሜን በል።

ለሚሲዮናውያን የምትጸልዩ ከሆነም ጳውሎስ ታስሮ ሳለ የለመነውን ተመልከት፤ በቆላስይስ 4፥3-4 የጠየቀው የቃሉ በር እንዲከፈትና በሚገባው መጠን ግልጥ አድርጎ እንዲናገር ነው። "ጌታ ይባርካቸው" ከማለት ይልቅ ቋንቋ ለሚማረው ለጆሮውና ለትዕግሥቱ፣ ለሚተረጉመው ቃል ለመምረጥ፣ ለልጆቻቸው ጓደኛ ለማግኘት ለምኑ። ወንጌል በተከለከለበት ቦታ ያሉትን ስም፣ ፎቶና ከተማ ግን በቴሌግራም አትለጥፉ፤ የተላከ መልእክት ማን እንደሚያስተላልፈው አይታወቅም።

ዝምተኛዋ

ስለ ስሞቹ። የምትይዙት አራት ነገር ብቻ ይሁን፦ የመጀመሪያ ስም፣ የጸሎቱ ጉዳይ በአንድ ሐረግ፣ ቀኑ፣ የሚያበቃበት ቀን። ስልክ ቁጥር ሰውየው ራሱ ካልሰጠ አትጠይቁ። "ለቡድናችን ልናገር ወይስ በእኔ ዘንድ ይቅር?" ብላችሁ እዚያው ጠይቁት፣ መልሱንም ከስሙ ጎን ጻፉ። ብዙ ሐሜት "የጸሎት ርዕስ" ተብሎ ነው የሚዞረው፤ "እገሊት ጸልዩላት፣ ባሏ..." ከተባለ ነገሩ ተበላሽቷል። በሽታ፣ ትዳርና እስር የሚመለከቱ ጉዳዮች በቡድን ውይይት ላይ ያለ ስም ይቅረቡ። እግዚአብሔር ማን እንደሆነ ያውቃል።

ዝርዝሩን ለሰባቱ ቀናት ከፋፍሉት፣ በቀን ከአምስት ስም አይብለጥ። ሞራቪያውያን የሚባሉት ፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች በ1727 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ባለችው በሄርንሁት ያልተቋረጠ ምልጃ ሲጀምሩ 24 ወንዶችና 24 ሴቶች ሰዓታቱን ተከፋፍለው አንድ አንድ ሰዓት ያዙ፤ ከመቶ ዓመት በላይ የቀጠለው ሸክሙ ስለተከፋፈለም ጭምር ነው። በ1732 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ ሚሲዮናውያናቸው በካሪቢያን ወዳለችው ቅዱስ ቶማስ ደሴት የወጡትም ከዚያው ማኅበር ነው።

ዳግመኛ ለማታገኙት ሰው 30 ቀን ይበቃል። ከዚያ ስሙን ለእግዚአብሔር አስረክባችሁ ወረቀቱን ቅደዱ፣ በስልክ ከሆነ አጥፉ። ቀን ያልተቆረጠለት ዝርዝር ሦስት ወር ሳይሞላው ማንም የማያነበው ይሆናል፣ ያን ጊዜ የቀረው የሰዎች ምስጢር ያለበት ወረቀት ብቻ ነው። ለምታገኙት ሰው ግን ተመልሳችሁ "ያ ነገር እንዴት ሆነ?" ብላችሁ ጠይቁ። ካልተሻለ ምክንያት አትፈልጉለት፣ እምነቱንም አትመርምሩ፤ አሁንም እንድትጸልዩለት ይፈልግ እንደሆነ እንደ መጀመሪያው ቀን እንደገና ጠይቁት።