ካልሲየም ጡንቻን የሚያኮማትር ከሆነ ሬኒንን ለምን ያግዳል?

የሰውነትን አሠራር በደንብ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ስለ ኩላሊትና ስለ ደም ግፊት እያጠናሁ አንድ ቦታ ላይ ቆሜአለሁ።

የሆርሞኖቹ ሰንሰለት ግልጽ ነው። ግፊት ሲወርድ ኩላሊት ሬኒን የተባለ ኢንዛይም ይለቃል፤ ሬኒን ከጉበት የመጣውን አንጂዮቴንሲኖጅን የተባለ ፕሮቲን ቆርጦ አንጂዮቴንሲን 1 ያደርገዋል፤ እሱም በተለይ በሳንባ የደም ሥሮች ባለ ኢንዛይም ወደ አንጂዮቴንሲን 2 ይለወጣል።

የከበደኝ ካልሲየም ነው። አንጂዮቴንሲን 2 በደም ሥር ግድግዳ ባለው ለስላሳ ጡንቻ ውስጥ ካልሲየምን ከፍ ያደርጋል። ካልሲየሙ ካልሞዱሊን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ይጣመርና ማዮሲን በተባለው የጡንቻ ፕሮቲን ላይ ፎስፌት የሚጨምረውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፤ ጡንቻውም ይኮማተራል። (እንደ አጥንት ጡንቻ ትሮፖኒን በተባለ ፕሮቲን አይመራም፤ ይህ ልዩነት እጅግ ያስደንቀኛል።) ሬኒን የሚያመነጩት ሴሎች ደግሞ ወደ ግሎመሩለስ (ደም ወደሚጣራበት የኩላሊት ክፍል) ደም የሚያስገባው ቀጭን ቧንቧ ግድግዳ ላይ ያሉ፣ ከለስላሳ ጡንቻ የተለወጡ ሴሎች ናቸው። በእነርሱ ውስጥ ግን ካልሲየም ሲጨምር የሬኒን መለቀቅ ይቀንሳል! ኢንሱሊን የሚያመነጩት የቆሽት ሴሎችም ሆኑ የነርቭ ጫፎች ይዘታቸውን የሚለቁት ካልሲየም ሲገባ አይደለም እንዴ?

ጥቅሙ ይገባኛል፤ አንጂዮቴንሲን 2 ሲበዛ የራሱን ምንጭ ይገታል። የምፈልገው መንገዱን ነው። ሳይክሊክ ኤኤምፒ (በሴል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ሞለኪውል) ሬኒን እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ ታዲያ ካልሲየም የሚያግደው ሳይክሊክ ኤኤምፒን የሚሠራውን ኢንዛይም ነው ወይስ የሚያፈርሰውን ያበረታታል? ወይስ ሁለቱንም? ደረጃ በደረጃ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።