ጥያቄ፦ ለካምፕ ቤተሰቦች ማስታወቂያ በጊዜ እንዲደርሰን ምን እናድርግ?

ጠያቂ፦ የወታደር ሚስት

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ የመከላከያ ሠራዊት አባል ነው፤ አሁን ግዳጅ ላይ ነው ያለው። እኔ ልጆቼን ይዤ ከደሴ መጥቼ በአዲስ አበባ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከካምፕ አጠገብ ባለ ሰፈር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ከቤተሰቦቹ ገሚሱ ካምፕ ውስጥ ነው፣ ገሚሱ እንደኔ ውጭ ነው።

ችግራችን ነገር ሁሉ ካለፈ በኋላ መስማታችን ነው። ለሕፃናት ክትባት ተሰጠ ሲባል እንሰማለን፤ አልቋል። የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ምዝገባ ነበር ይባላል፤ አልፏል። ውስጥ ያሉት ደጃፍ ላይ ይነጋገራሉ፣ ውጭ ያለነው ግን ተበታትነናል። ከሁሉ በላይ አንጀቴን የበላው፣ ከእኔ ቤት ብዙም በማይርቅ ግቢ የምትኖር የሠራዊት ሚስት አባቷ አርፈው፣ ለቅሶ ደራሽ ሳታገኝ ብቻዋን ከልጆቿ ጋር ማደሯ ነው። ዘመድ በሌለበት አገር እንዲህ መሆን የለበትም።

ጥቂት ሴቶች ተነጋግረን አንድ ነገር እንጀምር ብለናል። የቴሌግራም ግሩፕ ብንከፍት ያስጠይቀናል ወይ? ፈቃድ የሚጠየቀው ከማን ነው? ስማርት ስልክ የሌላቸውንስ እንዴት እናድርስ? ለልጆችስ ምን ብናዘጋጅ ይጠቅማል? ልምዱ ያላችሁ እባካችሁ አካፍሉን።

ጡረተኛው ሻምበል

ልጄ፣ የካምፑን ስም ሳትጠቅሺ መጻፍሽ ደስ ብሎኛል። እንደዚሁ ቀጥይበት።

ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት አራት ሆናችሁ ወደ ካምፑ አስተዳደር ሂዱ። ሐሳቡን በጽሑፍ አቅርቡ፤ ግማሽ ገጽ ይበቃል። እነማን እንደሆናችሁ፣ ምን ዓይነት መልእክት እንደምታስተላልፉ፣ ማን እንደሚቆጣጠረው ይጻፍበት። የኢንዶክትሪኔሽን ክፍል ካለ እነሱም ይወቁት፤ የሠራዊቱን ሞራልና መረጃ የሚመለከት ሥራ የእነሱ ነው። ከእነሱ በኩል አንድ ሰው እንዲመደብላችሁ ጠይቁ። ያ ሰው የክሊኒኩን፣ የውሃውንና የስብሰባውን ማስታወቂያ በቀጥታ ይሰጣችኋል፤ የማይለጠፍ ነገር ሲኖርም አስቀድሞ ይነግራችኋል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ቤተሰብ ክፉ አስቦ ምስጢር አያወጣም፤ ከፍቅር የተነሳ ነው የሚያወጣው። አንዲት እናት «የነልጄ ሻለቃ ዛሬ ሌሊት ተነሥቷል፣ በጸሎት አስቧቸው» ብላ ብትጽፍ፣ ለእሷ ጸሎት ነው። ለሚያነብ ጠላት ግን ክፍሉን፣ ሰዓቱንና መንቀሳቀሱን በአንድ መስመር ነግራዋለች። «ባሌ ፈቃዱ ተሰርዞበት ቀረ» የሚለውም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ብቻ ምንም አይደለም፣ አሥር ሚስቶች በአንድ ቀን ከጻፉት ግን ትርጉም አለው። ስለዚህ ሕጋችሁ አጭር ይሁን። የክፍል ስም፣ ጉዞ፣ የፈቃድ ቀን፣ የአዛዥ ስም፣ ካምፑን፣ በሩን፣ ተሽከርካሪን ወይም የደንብ ልብስ የለበሰን ሰው የሚያሳይ ፎቶ አይለጠፍም። የልጅ ልደት ፎቶ ሲነሣ እንኳ ከኋላ ምን እንደሚታይ ይታይ።

አንድ ሌላ ነገር፦ የተሰዋ ወይም የቆሰለ ሰው ወሬ በፍጹም በግሩፕ አይነገር። መርዶ የሚነገርበት ሥርዓት አለው፤ ከክፍሉ የተላከ ሰው፣ ሽማግሌ፣ የቅርብ ዘመድ ይዞ ነው የሚሄደው። አንዲት ሚስት የባሏን ሞት ከስልክ ላይ ማንበብ የለባትም። ይህን ያፈረሰ ሰው ያለ ምንም ክርክር ይውጣ።

እማማ የእድር ጸሐፊ

ሻምበል ያሉት ትክክል ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ በሰበታ መንገድ ባለ ሰፈር የእድር ጸሐፊ ነኝ፤ ባለቤቴም የቀድሞ ወታደር ነበር።

የኔ ልጅ፣ ስልኩን ለጊዜው ተይውና በቡና ጀምሩ። በየአራትና አምስት ቤቱ አንዲት ተጠሪ ምረጡ። የተማረች መሆን የለባትም፤ ቤት ቤት መግባት የማያሳፍራት፣ ነገር የማታመላልስ ትሁን። ተጠሪዋ በየቤቱ ማን እንዳለ ታውቃለች፦ ነፍሰ ጡር፣ አራስ፣ ሕመምተኛ፣ አዲስ መጥታ ገና ገበያውን የማታውቅ። የሚነገር ነገር ሲመጣ ከአስተዳደሩ ወደ ተጠሪዎቹ፣ ከተጠሪዎቹ ወደ ቤቶቹ ይወርዳል። አንድ ተጠሪ ብትታመም ወይም ባሏ ተቀይሮ ብትሄድ ምክትሏ ትተካለች፤ የሠራዊት ቤተሰብ መዛወሩ ስለማይቀር ምክትል ከመጀመሪያው ይኑር።

ወረቀት የምትለጥፉ ከሆነ ሰው ወረፋ ይዞ በሚቆምበት ለጥፉ፤ ወፍጮ ቤት፣ የውሃ ቦኖ፣ ክሊኒክ በር። ቢሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ማን ያነበዋል? በትልቅ ፊደል፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ። ሶማልኛ ወይም ሲዳምኛ ተናጋሪዎችም ካሏችሁ በየቋንቋው የምትነግር አንዲት ሴት ፈልጉ። ያለፈበትን ወረቀት በዚያው ቀን አንሡ፤ አሮጌ ወረቀት ካለ አዲሱንም የሚያየው የለም።

ስለ ለቅሶው ስታወሪ አልቅሻለሁ። እኛ ጋ እስከ ዛሬ ለፋፊ አለን፤ ማለዳ ጥሩምባውን ይነፋና የሟቹን ስም፣ የለቅሶውን ቤት፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይናገራል። ስልክ ያለውም የሌለውም እኩል ይሰማል። ውጭ የተከራያችሁት ለአካባቢው እድር ለፋፊ ቤታችሁን አሳዩት፤ ከመካከላችሁ ሐዘን የገጠማት ስትኖር እንዲነግርላችሁ ተነጋገሩ። የቀብሩ ነገር አገር ቤት ቢሆንም እዚህ ልቅሶ ትቀመጣለችና ሰው ያስፈልጋታል። የመጀመሪያውን ቀን ንፍሮ የሚቀቅል፣ ልጆቹን የሚይዝ፣ ማታ አብሯት የሚያድር ሰው ተራ አውጡ።

ካምፕ በር ሱቅ ያለኝ

ለብቻችሁ የካምፕ እድር አታቋቁሙ እላለሁ። ካለው የሰፈር እድር ግቡ። እናንተ ዛሬ አላችሁ፣ ነገ የላችሁም፤ እድሩ ግን ድንኳንና ወንበር አለው፣ ዕቃ የሚያመላልስ ሰው አለው። ደግሞም ሰፈሩ ከካምፑ ተለይቶ እንዲኖር አንፈልግም።

እማማ የእድር ጸሐፊ

ልክ ብለሃል ልጄ፣ ግን አንድ እንቅፋት አለው። ብዙ እድር የመመዝገቢያ ክፍያ አለው፤ አዲስ አባል ጥቅም የሚያገኘውም የተወሰነ ጊዜ ከቆየ በኋላ ነው። ቤተሰቡ ያን ጊዜ ሳይሞላ ሊዛወር ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ያዙ። መቆየት ያሰበች እድር ትግባ፤ ለሌሎቹ ደግሞ በወር ትንሽ ትንሽ የሚዋጣበት መረዳጃ ይኑር። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ገንዘቡ በባንክ በሁለት ሰው ፊርማ ይቀመጥ። የምትዛወር ሴት ስትወጣ ምን እንደሚመለስላትና እንደማይመለስላት ከመጀመሪያው በደንቡ ይጻፍ፤ ጠብ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው።

ኔትወርክ የሚሠራው

ስለ ቴሌግራሙ ባጭሩ። ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ክፈቱ። ግሩፕ ላይ ሁሉም ይጽፋል፤ በሁለተኛው ሳምንት የጸሎት ምስልና የሽያጭ ማስታወቂያ ሞልቶት ዋናው መልእክት ይጠፋል። ቻናል ላይ የሚጽፉት የተመደቡት ብቻ ናቸው፤ አባላቱ ስልክ ቁጥራቸው እርስ በርስ አይተያይም። የግል ቻናል ይሁን፤ የመግቢያ ሊንኩም በአስተዳዳሪ ፈቃድ ብቻ የሚያስገባ ሆኖ ይዘጋጅ። መልእክት ወደ ሌላ ቦታ እንዳይተላለፍ መከልከልም ይቻላል፤ ስክሪኑን በሌላ ስልክ ፎቶ ከማንሳት ግን ሙሉ በሙሉ አያድንም። ስሙን «የሰፈር እናቶች» ዓይነት አድርጉት፤ ሠራዊት፣ ካምፕ የሚል ቃል አይግባበት። የተዛወረች ሴት ስትሄድ ትውጣ፤ በየጊዜው የአባላትን ዝርዝር ከተጠሪዎቹ ጋር አመሳክሩ።

እና እባካችሁ ይህን ለሁሉም ንገሩ፦ «ከባልሽ ክፍል ነው የምደውለው፣ ቆስሎ ሆስፒታል ገብቷል፣ ለመድኃኒት ብር ላኪ» የሚል ስልክ ሲመጣ ብር አይላክ። ስልኩን ዘግታችሁ ለተጠሪዋ፣ ከእሷም ለካምፑ አስተዳደር ንገሩ። የደነገጠች ሴት ብቻዋን ከሆነች ያላትን ሁሉ ትልካለች። ደዋዩ የባሏን ስምና ማዕረግ ስላወቀ ብቻ እውነተኛ አይሆንም።

ሲስተር

ነርስ ነኝ። ክትባቱ በዘመቻ ብቻ አይደለም፤ በየጤና ጣቢያው በመደበኛነት በነፃ ይሰጣል። ሕፃን ሲወለድ፣ ከዚያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ የኩፍኙ ደግሞ በ9 ወርና በ15 ወር ነው። ከሠራዊት ቤተሰቦች ጋር ስሠራ የማየው ችግር የ15 ወሩ መቅረቱ ነው፤ በመካከል ቤተሰቡ ይዛወርና ካርዱ በዕቃ መካከል ይጠፋል። የክትባት ካርዱን ከጋብቻና ከልደት ማስረጃው ጋር በአንድ የፕላስቲክ ማኅደር ያዙ፤ ዕቃ ሲጫን ከመኪናው ጋር አይሂድ፣ ከእናትየው ጋር ይሁን።

ተጠሪዎቹ የሕፃናቱን የትውልድ ቀን በደብተር ቢይዙ የማን ተራ መቼ እንደሆነ ሳምንት ቀድመው ማስታወስ ይችላሉ። ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ቀጠሮ ያላቸውም ቀናቸውን ቢነጋገሩ፣ አንዷ የሌላዋን ልጆች እየጠበቀች መሄድ ይችላሉ። ከዳርቻ ጠዋት ታክሲ ጥበቃ ልጅ አዝሎ ከባድ ነው።

የኔ ሰፈር ነዋሪ

ከሲስተር ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ልጨምር። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ አካባቢ የምትኖሩ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ናችሁ፤ አዲስ አበባ ወረዳ ሄዳችሁ ቀናችሁን አታቃጥሉ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት የሌላት ደግሞ ባሏ ፈቃድ ሲመጣ ከምንም በፊት እሱን ታውጣ። በሃይማኖት ወይም በባህል የተጋባችሁም ተመዝግባችሁ ማስረጃውን ያዙ። የጡረታ ሕጉ «ተተኪ» የሚለው ባለቤትን፣ ልጆችንና ወላጆችን ነው፤ ያን ማረጋገጥ የሚቻለው በማስረጃ ነው። ባል በሌለበት ጉዳይ ለማስፈጸምም ውክልና ይስጣችሁ፤ ምን ምን እንደሚፈቅድላችሁ በዝርዝር ይጻፍበት።

መምህር

ለልጆቹ ከሁሉ የሚያስፈልጋቸው ትምህርት ሳይቋረጥ መዛወር ነው። ከምትወጡበት ትምህርት ቤት መሸኛና የውጤት ካርድ ማኅተም ያለበት ሳትይዙ አትነሡ። የ6ኛ እና የ8ኛ ክፍል ልጅ ካለ በተለይ አስቡበት፤ ፈተና የሚፈተነው በተመዘገበበት ነው፣ ምዝገባው ካለፈ በኋላ ማዛወር ልጁን ያንገላታዋል። በዳርቻው ብዙ ትምህርት ቤቶች በአፋን ኦሮሞ ያስተምራሉ፣ በአማርኛ የሚያስተምሩም አሉ፤ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት የትኛው እንደሚቀርብ ጠይቁ።

ክረምት ላይ መምህር ፍለጋ አትልፉ። ካምፑ አካባቢ 12ኛ ክፍልን ያጠናቀቁ የሠራዊት ልጆች አሉ፤ ታናናሾቹን ጠዋት ሂሳብና ንባብ ያስጠኑ። ከሰዓት ኳስ ይጫወቱ፣ የሰፈሩ ልጆችም ይግቡበት። አባቱ የራቀ ልጅ ሥራ ሲፈታ ነው የሚከፋው። አንዳንዱ ዝም ይላል፣ አንዳንዱ ይደባደባል፤ ሁለቱንም አትቅጡት፣ አቅርቡት።

ጠያቂ፦ የወታደር ሚስት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጽሑፉን ከሴቶቹ ጋር አዘጋጅተን ለአስተዳደሩ እናቀርባለን፤ እስኪፈቀድ ድረስ ቻናል አንከፍትም፣ በተጠሪ እንጀምራለን። ሻምበል፣ አንድ ልጠይቅዎት፦ ለጥቅምት 15 የሠራዊት ቀን ልጆቹ አንድ ነገር ቢያቀርቡ ደስ ይለናል። ምን ቢሆን ይሻላል?

ጡረተኛው ሻምበል

ልጄ፣ ጥሩ አስበሻል። ቀኑ ለምን ጥቅምት 15 እንደሆነ ራሳቸው ይናገሩ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስቴርም አብሮ ተቋቁሟል፤ የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በፈረስ ስማቸው አባ መቻል ነበሩ። ዛሬ መቻል የሚባለውን የሠራዊቱን የእግር ኳስ ክለብ የማያውቅ ልጅ የለምና ስሙን ሲሰሙ ጆሯቸውን ይሰጣሉ።

ከዚያ ልጆቹ ለአባቶቻቸውና ለእናቶቻቸው ደብዳቤ ይጻፉ። ትንንሾቹ ይሣሉ። ደብዳቤው በስልክ ፎቶ ተነሥቶ እንዳይላክ፤ በፖስታ ታሽጎ በአስተዳደሩ በኩል ይሂድ። ፖስታው ላይ የአባትየው ወይም የእናትየው ሙሉ ስምና ማዕረግ ብቻ ይጻፍ፣ ክፍሉን አስተዳደሩ ይሞላዋል። አሁን ካልጀመራችሁ በቀኑ አይደርስም፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ተሰብስቦ ቢገባ ጥሩ ነው።