የሀገር ኒሻን ለሴቶች፦ የተጠበቀ ድርሻ ይኑር ወይስ ሁሉም በአንድ መዝገብ ይቅረብ?

መምህርቷ፦
ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ለማኅበረሰብ አገልግሎት፣ ለሳይንስና ለበጎ አድራጎት የሚሰጥ ብሔራዊ ኒሻን ሲታሰብ ለሴቶች የተጠበቀ ድርሻ ሊኖር ይገባል ወይስ ሁሉም በአንድ መዝገብ ተወዳድሮ ይለይ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 71 ንዑስ አንቀጽ 5 ኒሻንና ሽልማት በሕግ መሠረት የመስጠቱን ተግባር ለርእሰ ብሔሩ ሰጥቷል፤ የሚያከራክረን ወደዚያ ጠረጴዛ የማን ስም ይደርሳል የሚለው ነው። እኔ ድርሻ ይጠበቅላቸው ከሚሉት ወገን ነኝ። «ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት» ሲባል እየሰማ ባደገ ሕዝብ መካከል በሩ ለሁሉም ክፍት ነው ማለት ብቻውን ሴቶቹን ወደ ችሎቱ አያመጣቸውም። ሐሳቡ ለታሪካችንም እንግዳ አይደለም፤ ንግሥት ዘውዲቱ በ1922 እ.ኤ.አ. የንግሥተ ሳባን ኒሻን ሲያቋቁሙ መጀመሪያ የታሰበው ለሴቶች ነበር። ጉድለቱ ለቤተ መንግሥት ሰው እንጂ ለመንደር አዋላጅ የተሠራ አለመሆኑ ነው።

ጠበቃው፦
መምህርት፣ ለዓላማዎ ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ በመንገዱ አልስማማም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ መፍቀዱን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ያ እርምጃ ያለፈው መድልዎ የዘጋውን ዕድል ለመክፈት የታሰበ ሲሆን፣ ኒሻን ግን አስቀድሞ ለተፈጸመ ሥራ የሚሰጥ ምስክርነት ነው። በድርሻ የተሰጠ ምስክርነት ተቀባይዋን ዕድሜዋን ሙሉ «በሥራዋ ነው ወይስ በኮታው?» ለሚል ሐሜት ያጋልጣታል። ወይዘሮ አበበች ጎበናን እንውሰድ። በ1980 እ.ኤ.አ. ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው በወሎ ረሀብ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ከትዳራቸውና ከልጆቹ አንዱን እንዲመርጡ ሲገደዱ ልጆቹን መረጡ፤ እስከ ሰኔ 2013 ዓ.ም. ዕረፍታቸው ድረስም ያሳደጓቸው ሁሉ «እዳዬ» ብለው የሚጠሯቸው እናት ሆነው ኖሩ። እኒህን ሴት ከየትኛው ወንድ ጋር ብናወዳድራቸው ያንሳሉና ነው የተለየ ወንበር የምናዘጋጅላቸው?

ተመራማሪዋ፦
ወንድሜ፣ ስለ ሐሜቱ ያደረብዎ ስጋት በእኔ ሙያ ሲፈተን አይጸናም። ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው በዕፅዋት በሽታ ምርምር ዓለም ያወቃቸው ዶክተር ሰገነት ቀለሙ በ2014 እ.ኤ.አ. ለሴት ሳይንቲስቶች ብቻ የተዘጋጀውን የሎሬአልና የዩኔስኮ ሽልማት ተቀብለዋል። ከ2013 ጀምሮ ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ለዓመታት የመሩ ሰው ናቸው፤ ሽልማቱ የሴቶች በመሆኑ ሥራቸውን ያቃለለ ባልደረባ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይሁንና መምህርት ያቀረቡት መፍትሔም ሥሩን የሚነካ አይመስለኝም። ሴቶቹ የሚቀሩት ዳኞች ፊት ከመድረሳቸው በፊት ነው። በአንድ የምርምር ቡድን ውስጥ ለሽልማት የሚጻፈው የፕሮጀክቱ ኃላፊ ስም ሲሆን፣ ናሙናውን ለዓመታት የሰበሰበችው፣ ተማሪዎቹን ያሠለጠነችውና መረጃውን ያጠራችው ሴት ብዙ ጊዜ የምትገኘው በምስጋናው አንቀጽ ውስጥ ነው። ከዚያ የዕጩዎች ዝርዝር ይወጣና «ብቁ ሴት አልቀረበችም» ይባላል። የአውስትራሊያ ኒሻን በ1975 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ማንኛውም ዜጋ ዕጩ እንዲጠቁም ተፈቅዶ ነበር፤ ተሸላሚዎቹ ግን ለአሥርት ዓመታት በብዛት ወንዶች ነበሩ። ሴቶችን እያሰባችሁ ጠቁሙ የሚል ቅስቀሳ ዓመታት ከፈጀ በኋላ፣ በ2023 የንጉሡ የልደት በዓል ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ በሲቪሉ ዘርፍ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በዙ። የተለወጠው የጠቋሚው ልማድ ነው፤ እኔ ሕጋችን እንዲነካ የምፈልገውም ይህንኑ ልማድ ነው።

አዛውንቱ፦
ልጆቼ፣ በሁላችሁም ንግግር አንድ ነገር ቅር አሰኝቶኛል። ወንጌል ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ይላል። ስለ ሳይንሱ አልከራከርም፤ ምጽዋትን ግን በአደባባይ በሜዳይ ማስጌጥ ከጀመርን አደባባዩን ብለው የሚመጸውቱ እናፈራለን። እናቴ ወላጅ ያጡ ሦስት የጎረቤት ልጆችን ከእኛ ጋር አሳድጋለች፤ ኒሻን ቢያደርጉላት ኖሮ ታፍር ነበር።

ነርሷ፦
አባቴ፣ እግዚአብሔር የእናትዎን ነፍስ ይማር። ስለ ሰጪው ነፍስ የተናገሩትን አልቃወምም፤ እኔ የማስበው ኒሻኑን ስለምታየው ልጃገረድ ነው። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ትምህርት ቤት ያልገቡ የገጠር ልጅ ሳሉ ለቀናት በቆየ ምጥ ሳቢያ ሽንት መቆጣጠር በሚያሳጣው የፌስቱላ ጉዳት ተይዘው ለሕክምና አዲስ አበባ መጡ። ከታከሙ በኋላ በዚያው ቀርተው አልጋ አነጠፉ፣ የሕመምተኞችን እጅ ይዘው አጽናኑ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ አቀበሉ፤ በመጨረሻም ከዶክተር ሬጅናልድ ሃምሊን ቀዶ ሕክምናውን ራሱን ተምረው የብዙ ሴቶችን ሕይወት የመለሱ፣ ሐኪሞችንም ያሠለጠኑ ባለሙያ ሆኑ። በ1989 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ለእሳቸው፣ ለዶክተር ሬጅናልድና ለባለቤታቸው ለዶክተር ካትሪን ሃምሊን የወርቅ ሜዳይ ሸለመ። እኔ ግን ስማቸውን የሰማሁት ተመርቄ ሥራ ከጀመርሁ በኋላ ነው፤ በተማርሁበት ትምህርት ቤት አንድም መምህር አልነገረኝም። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ያኔ ባውቅ ኖሮ ምን ያህል እበረታ እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝና።

ዶክተር ካትሪን ሃምሊንም ከባለቤታቸው ጋር በ1959 እ.ኤ.አ. መጥተው በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታሉን ከፍተዋል። የትውልድ ሀገራቸው አውስትራሊያ ከፍተኛ ኒሻኗን በ1995 ሰጠቻቸው፤ እኛ የክብር ዜግነት የሰጠናቸው በ2012 ነው፤ ከመጡ ከ53 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በከምባታ የሴት ልጅ ግርዛትን የታገሉት ዶክተር ቦጋለች ገብሬም ቤልጅግ ድረስ ተጠርተው የንጉሥ ቦድዋንን ሽልማት ተቀብለዋል። የገዛ እኅቶቻችንን በውጭ ሰው ዓይን እየለየን እስከ መቼ እንኖራለን?

መምህርቷ፦
የተመራማሪዋ ቃል አሳምኖኛልና ሐሳቤን አሻሽላለሁ። ድርሻው ከተሸላሚዎች ቁጥር ላይ ሳይሆን ከዕጩዎች ዝርዝር ላይ ይጠበቅ። የትኛውም ወረዳ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም የሙያ ማኅበር ዕጩ ሲያቀርብ ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች ካልሆኑ ዝርዝሩ ተመልሶ ይላክለትና ይፈልግ። ዳኞቹ ከዚያ በኋላ ወንድ ሴት ሳይሉ በሥራው ብቻ ይፍረዱ።

ጠበቃው፦
በዚህ መልክ ከሆነ ተቃውሞዬን አነሣለሁ። የቀረኝ ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ30 ሺህ በላይ ሲሆኑ ሁሉም ለማለት ይቻላል ሴቶች ናቸው። ክትባቱ፣ የቤተሰብ ምጣኔው፣ የመጸዳጃ ቤት ቁፋሮው፣ ነፍሰ ጡሯን ወደ ጤና ጣቢያ ማድረሱ ሁሉ በእነርሱ እግር የተሠራ ነው። ለ30 ሺህ ሰው ኒሻን አይሰጥም፤ አንዷን መርጦ መስጠትም የሌሎቹን ድካም መሠወር ይሆናል። የሥራ ዘገባ ተመልክተን እንምረጥ ካልን ደግሞ ዘገባውን የሚጽፈው አለቃዋ ነው።

ነርሷ፦
እውነት ነው፣ ዘገባው ሁሉን አያሳይም። በጤና ጣቢያ በሠራሁባቸው ዓመታት ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። ከሩቅ ቀበሌ ለመውለድ የመጣች እናት «ማን ላከሽ?» ስትባል የኤክስቴንሽኗን ስም ከነአባቷ ትጠራለች፤ ዝናብ በጣለበት ሌሊት ቃሬዛ የሚሸከሙትን ሰዎች ቤት ለቤት ዞራ የቀሰቀሰችው እርሷ መሆኗንም ትናገራለች። ጥቆማውን ከአለቃዋ አንጠብቅ፤ ልጆቻቸውን የከተበችላቸውን እናቶች በየቀበሌው ሰብስበን እንጠይቃቸው፣ የሚሉትንም ጽሑፍ የምትችል አንዲት ሴት ትጻፍላቸው።