«ለንግግር የሚያስፈልጉት ሕዋሳት» ሲባል የትኞቹ ሕዋሳት ናቸው?

አርታዒዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቅሪተ አካሏ ስለተገኘው ስለ ዲኪካዋ ሕፃን ስለ ሰላም የተጻፈ ጽሑፍ እያረምኩ «ሰላም በኖረችበት ዘመን ለንግግር የሚያስፈልጉት ሕዋሳት ገና አልተሟሉም ነበር» ከሚል ዐረፍተ ነገር ላይ ደርሼ ቆሜያለሁ። ጸሐፊው ሕዋሳት ያላቸው በትምህርት ቤት የተማርናቸውን፣ አካላችን የተሠራባቸውን ጥቃቅን ክፍሎች ነው ወይስ ምላስን፣ ጆሮንና ማንቁርትን? ጸሐፊውን ማግኘት ስላልተቻለ ቃሉን እንዳለ ልተወው ወይስ ልለውጠው?

የሥነ ሕይወት መምህር፦
እኅቴ፣ በመጀመሪያው ትርጉም ከተወሰደ ዐረፍተ ነገሩ ስሕተት ይሆናል። ሰላም የኖረችው ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ የነርቭ ሕዋስ ግን የሰው ዘር ከመምጣቱ በፊት በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት የነበረ ነው። ሆጅኪንና ሀክስሊ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1952 የነርቭ መልእክት እንዴት እንደሚጓዝ ያስረዱት ስኩዊድ የተባለው የባሕር እንስሳ ባለው ወፍራም ነርቭ ላይ ባደረጉት ጥናት ሲሆን፣ መሠረታዊ አሠራሩ በእኛም አንጎል ውስጥ ያው ነው። ሕዋሱ መልእክት በማያስተላልፍበት ጊዜ የውስጡ ኤሌክትሪክ ከውጩ በ70 ሚሊቮልት ገደማ ዝቅ ብሎ ይቆያል። ቀስቃሽ ደርሶበት ይህ ልዩነት ወደ 55 ገደማ ሲጠብ፣ በሽፋኑ ላይ ያሉት የሶዲየም በሮች ተከፍተው ሶዲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ ወዲያው እነዚያ ተዘግተው ፖታሲየም ሲወጣ ሕዋሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህ ሁሉ ተጀምሮ የሚያልቀው በአንድ ሺኛ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ግማሽ መልእክት የሚባልም የለም፣ ወይ ሙሉው ይተላለፋል ወይ ምንም አይተላለፍም። ሰላም ይህ ሕዋስ አልጎደላትም።

ባለ ድጓው፦
የወንድማችን ማብራሪያ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ቃሉ ገና ከመነሻው ከቦታው ተነቅሏል። ቅኔ ቤት የቆየ ሰው እንደሚያውቀው ሕዋስ ማለት ስሜት ነው፤ ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ ሕዋሳተ አፍኣ ሲባሉ፣ የነፍስ የሆኑት ደግሞ ሕዋሳተ ውስጥ ይባላሉ። ምላስ ራሷ አባል እንጂ ሕዋስ አይደለችም፤ ሕዋሷ ጣዕም መለየቷ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ማለት የነበረባቸው «አባላት» ነው።

አርታዒዋ፦
የኔታ፣ እርስዎ እንዳሉት ባደርገው የዛሬው አንባቢ «ለንግግር የሚያስፈልጉት አባላት አልተሟሉም» ሲል የሚመጣበት ምልዓተ ጉባኤ የጎደለው ስብሰባ ነው ብዬ እሰጋለሁ።

የነርቭ ሐኪም፦
ጸሐፊው በሁለተኛው ትርጉም ከተጠቀሙበት ሊታሰብበት የሚገባ ማስረጃ አለ። ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ባልደረቦቹ ባገኙት በሰላም ቅሪተ አካል ውስጥ፣ ከምላስ ሥር ከማንቁርት በላይ የምትገኘው ቀጭን ቅስት አጥንት ሳትጠፋ ተገኝታለች፤ እንዲህ ያለች ስስ አጥንት ይህን ያህል ዘመን መቆየቷ እጅግ ብርቅ ነው። ቅርጿ ግን የእኛን ሳይሆን የጎሪላንና የቺምፓንዚን የሚመስል ነው። ከርሜሎስ ተራራ አጠገብ ካለው ከከባራ ዋሻ የተገኘው፣ ዘሩ የጠፋው የኒያንደርታል ሰው ተመሳሳይ አጥንት በአንጻሩ 60,000 ዓመት ገደማ የሆነው ሲሆን ከእኛው ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ሆኖም የአጥንት መመሳሰል ብቻውን ተናጋሪነትን አያረጋግጥም።

እኔ ግን ጉድለቱን በሕዋስም በአባልም አልፈልገውም፣ በግንኙነት እንጂ። ሐኪሙ ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 ከንግግር ጋር ያያዘው የግራ አንጎል የፊት ክፍልና ሌላው ሐኪም ቬርኒከ በ1874 ከመረዳት ጋር ያያዘው ከጆሮ በላይና በስተኋላ ያለው ክፍል፣ ቅስት ሠርቶ በሚያልፍ የነርቭ ዘለላ ይገናኛሉ። ይህ ዘለላ በቺምፓንዚም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ንጽጽር እንዳሳየው ግን ወደ ጎን አንጎል የሚዘልቀው ቅርንጫፉ በሰው ላይ እጅግ የጎለበተ ነው። አሮጌዎቹ ሕዋሳት በአዲስ መንገድ ተገናኙ ማለት ነው፤ ቅሪተ አካል ደግሞ ይህን ዘለላ አያስቀርልንም፤ ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ይኸው ነው።

የሴም ቋንቋዎች ተማሪ፦
የኔታ «ከቦታው ተነቅሏል» ስላሉት ልጨምር። ቃሉ መጀመሪያውኑ የግእዝ ላይሆን ይችላል። በዐረብኛ የስሜት መቀበያዎች «ሐዋስ» ይባላሉ፤ ነጠላው «ሓሳ» ነው። ከዐረብኛ የተተረጎሙ ብዙ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ስላሉን ቃሉ ከእነርሱ ጋር ገብቶ፣ በብዙ ቁጥር ላይ ብዙ ቁጥር ተጨምሮበት «ሕዋሳት» ሆኗል ብዬ አምናለሁ።

ባለ ድጓው፦
ልጄ፣ በዐረብኛው ሥሩ «ሐሰሰ» ነው፤ «ወ» በብዙ ቁጥሩ የገባች እንግዳ ናት። በግእዝ ግን «ወ» ባለ ርስት ናት፦ ሖሰ፣ ተሐውሰ ማለት ተንቀሳቀሰ ነው። «ኖመ» (ተኛ) ብሎ «ንዋም» (እንቅልፍ) እንደሚል፣ «ሖሰ» ብሎም «ሕዋስ» ይላል፤ የአወጣጥ ሥርዓቱ አንድ ነው።

የሥነ ሕይወት መምህር፦
የየኔታ ሐረግ ልቤን ነክቶታል። የነርቭ ሕዋስ ሥራው ሁሉ እንቅስቃሴ ነው፤ ሶዲየሙ ይገባል፣ ፖታሲየሙ ይወጣል፣ መልእክቱም ጫፍ ሲደርስ ካልሲየም ገብቶ ከቀጣዩ ሕዋስ በሚለየው፣ 20 ናኖሜትር ገደማ በሆነ ክፍተት ላይ ኬሚካላዊ መልእክተኛውን ያስለቅቃል። «ተሐውሰ» ለዚህ የተገባ ሥር ነው።

የሴም ቋንቋዎች ተማሪ፦
መምህር፣ መስማማቱ ደስ ቢያሰኝም ማስረጃ አይሆንም፤ ቃሉን ለስሜት ያዋሉት ሊቃውንት ስለ ሶዲየም የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

የነርቭ ሐኪም፦
«ነርቭ» የሚለውም ቢሆን ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት በግሪክ ጅማት ማለት ነበር፤ የግእዙ «ሥርው» ጅማትንም ነርቭንም እንደሚሸፍን ሁሉ። ትርጉም እንዲህ ይሻገራል።

አርታዒዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጽሑፉ ግን ነገ ለማተሚያ ቤት ይሰጣል። «ሕዋሳት» ይቆይ ወይስ «የንግግር አካላት» ልበለው?

የሴም ቋንቋዎች ተማሪ፦
የኔታ፣ «ንዋም»ን ማምጣትዎ የቅርጹን ጥያቄ ፈትቶልኛል፤ በዚያ በኩል ክርክሬን ትቻለሁ። የትርጉሙ ግን ይቀራል። መንቀሳቀስ የነበረው ቃል መስማትና ማሽተት ወደ መሆን የተሻገረበትን መንገድ፣ ከዐረብኛ ትርጉሞች በፊት ከተጻፈ ንባብ ቢያሳዩኝ እወድ ነበር።

ባለ ድጓው፦
የተገባ ጥያቄ ነው፤ ከአንድምታው ጀምረን እንየው።