እህል ወይስ ገንዘብ? ለተፈናቃይ የተላከ እርዳታ ታጣቂ እጅ እንዳይገባ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ማኅበራችን በግጭት ለተፈናቀሉ 100 አባወራዎች ስንዴና ዘይት ገዝቶ በመኪና ሊልክ አስቧል። የታጠቀ እንዳይቀራመተው ምን ይደረግ?

መልስ 1፦ ሁሉም የሚፈራው ኬላውን ነው፤ የባሰው ግን የስም ዝርዝሩ ነው። ዝርዝሩ በሹም እጅ ከሆነ የሞተውም የሄደውም ይመዘገብና ትርፉ የታጣቂ ስንቅ ይሆናል። በ1994 (እ.አ.አ.) በዛየር (በዛሬዋ ኮንጎ) ጎማ ከተማ አካባቢ በነበሩት የሩዋንዳ ስደተኞች ካምፖች ራሽኑ ይታደል የነበረው የዘር ማጥፋቱን በመሩት ሹማምንት በኩል ነበር። ቁጥር አበዙ፣ ልዩነቱን ለጦራቸው አዋሉት። በእኛም አገር በ2023 (እ.አ.አ.) ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የምግብ እርዳታ ያቆሙት (መጀመሪያ ትግራይ ላይ፣ ቀጥሎ በመላ አገሪቱ) እህሉ ገበያና ዱቄት ፋብሪካ በመገኘቱ ነው። ዋናው ማስተካከያም ተረጂ መምረጡን ከመንግሥት እጅ ማውጣት ነበር። እገዳው ከሌባው ይልቅ የተራበውን መጉዳቱ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን አስሉት። የአንድ ሰው የወር ራሽን 15 ኪሎ እህል ነው። አምስት ነፍስ ያለው ቤት 75 ኪሎ፣ 100 ቤት 75 ኩንታል። ይህን ያህል እህል አንድ መጋዘን ካደረ አገር ሁሉ ሰማ ማለት ነው። ገበያው ክፍት፣ ባንኩም የሚሠራ ከሆነ ገንዘብ ይሻላል፤ በየሰው ሂሳብ፣ በተለያየ ቀን። «በታማኝ ሰው» አንድ ሂሳብ ሁሉን ማስገባት ለአጋች አድራሻ መስጠት ነው። ገበያ ከሌለ ግን ብሩ ዋጋ ከማስወደድ በቀር አይፈይድም፤ ያኔ እህሉን በትንሽ በትንሹ፣ በደረሰበት ቀን ማደል።

መልስ 2፦ እህል ራሱ ጦርነት ያባብሳል የሚል ጥናት አለ እኮ። የ2014ቱ (እ.አ.አ.)፣ የተመራማሪዎቹ የነንና የቺያን።

መልስ 1፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ግን እሱ የአሜሪካ ስንዴን በአገር ደረጃ ያየ ነው፤ የስሌቱን ዘዴም በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ተችተውታል። ለእኛ የሚጠቅመው የፊሊፒንሱ ጥናት ነው። እዚያ የልማት እርዳታ ሊሰጣቸው በተመረጡ ወረዳዎች ግጭቱ የጨመረው በተለይ በዝግጅቱ ወቅት ነበር፤ አማፂው ፕሮጀክቱ ሳይጀመር ሊያጨናግፈው ይፈልጋላ። ስለዚህ የእደላውን ቀንና ቦታ ፌስቡክ ላይ አታውጁ።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን። መድረሱን በፎቶ እናረጋግጥ?

መልስ 2፦ ፎቶ የሚያሳየው መረከቡን ብቻ ነው። ታጣቂው ከተረጂው የሚወስደው «ቀረጥ» ብዙ ጊዜ ከእደላ በኋላ፣ ቤት ለቤት ነው የሚሰበሰበው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዝርዝሩ አሥር ቤት በዕጣ አውጡና ደውሉ፤ ስትደውሉም «ስንት ተቀበላችሁ?» ሳይሆን «ስንት ቀራችሁ?» በሉ።