«ደመወዝ የሚበላ ተመልካች» ለተባለው

የቧንቧ ውሃው ልጅ፦
ሰላም ጀማው። ትናንት እዚህ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ወሬው ሶማሊያ ላይ ስላለው ጦራችን ሆነ። ከመሐል አንድ የተማረ ሰው «ሰላም አስከባሪ ማለት ደመወዝ የሚበላ ተመልካች ነው» አለ። ሰዉም ራሱን ነቀነቀለት። ለቅሶ ነውና ዝም አልኩ። ግን ከጎኔ የነበሩት እናት ልጃቸው በሁለቱ ሱዳኖች መሐል ባለችው በአብዬ ግዳጅ ላይ ነበር፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ ሲያደርጉ አየሁ። እንቅልፍ ነሥቶኝ አደረ። እውነት እንዲህ ይባላል?

የሐረጎ ሹፌር፦
ሰውዬው ምን አጠፋ? በ1986 ሚያዝያ ሩዋንዳ ላይ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ የፀጥታው ምክር ቤት እዚያ የነበረውን ጦር ወደ 270 ሰው አወረደው። ይጨመር ሲባል ቀነሰው! በ1987 ሐምሌ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት «የተጠበቀች ቦታ» ባላት በቦስኒያዋ ስሬብሬኒካ፣ የሆላንድ ሰላም አስከባሪዎች ዓይን እያየ ወንዱ ከሴቱ ተለይቶ ተወሰደ፤ ከ8,000 በላይ ሰው ተገደለ። ይሄ ተመልካች ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

እህተ ወታደር፦
እኔን ያንገበገበችኝ «የሚበላ» የምትለዋ ናት። ወንድሜ ዳርፉር ነበር። ሰማያዊ መለዮው ዛሬም እናቴ ሳጥን ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ አለ፤ ለበዓል አውጥታ አቧራውን አራግፋ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ገንዘቡን ካነሣችሁ የተባበሩት መንግሥታት የሚከፍለው ለአገር ነው። በ2010 ተመኑ በነፍስ ወከፍ በወር 1,428 ዶላር ሆነ። ከዚያ ውስጥ ወታደሩ ስንቱን እንደሚያገኝ የሚወስነው የላከው መንግሥት ነው። የበላውን እዚያ ጠይቁ፤ ወንድሜን ግን «በላ» አትበሉብኝ።

የሐረጎ ሹፌር፦
እህቴ፣ ወንድምሽን አልነካሁም። «ተመልካች» የሚለውን መልሱልኝ ነው ያልኩት።

የሕግ ተማሪዋ፦
እኔ ልሞክር። የሰላም ማስከበር መርሆዎች ሦስት ናቸው፤ የተፋላሚዎች ፈቃድ፣ አለማዳላት፣ ራስንና የተሰጠን ተልእኮ ለመከላከል ካልሆነ በቀር ኃይል አለመጠቀም። ችግሩ ሁለተኛውን «ገለልተኛነት» ብለን መተርጎማችን ነው። ገለልተኛ ገለል ያለ ነው። የሚፈለገው ግን ገለል ማለት አይደለም። እዚሁ ቃሉና ባቲ አበጋር፣ የአገሩ ሸምጋይ፣ ደም ሲያደርቅ አያዳላም፤ ገዳዩን ግን «አጥፍተሃል፣ ካሣ ክፈል» ይለዋል። ከሩዋንዳና ከቦስኒያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የብራሂሚ ሪፖርትም ያለው ይህንኑ ነው፤ አንዱ ወገን ስምምነቱን በግልጽ እየጣሰ ሁለቱን እኩል ማየት አለማዳላት አይባልም።

የሐረጎ ሹፌር፦
አበጋሩን የሚያስከብረው አገሩ ነው። ኒው ዮርክ የተቀመጠውን ማን ያከብረዋል?

ጡረተኛው ከኮምቦልቻ፦
እኔ አብዬ ነበርኩ። የፀጥታው ምክር ቤት በ2003 ሰኔ ባወጣው ውሳኔ ቁጥር 1990 ጦራችን ሲገባ የተፈቀደው 4,200 ሰው ነው፤ ሲቪሉን በኃይል ጭምር የመጠበቅ ሥልጣን ነበረው። በበጋ ሚሴሪያ የሚባሉት የሱዳን አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ይዘው ለውሃና ለሣር ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ እዚያ ያሉት ንጎክ ዲንካዎች ናቸው። አንድ ቀን በሁለቱ መሐል ሁለት ብረት ለበስ አቁመን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆምን። ኮዳዬ ውስጥ ያለው ውሃ እንደ ሻይ ፈልቷል። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ፊቴ ላይ እያወዛወዙ በማላውቀው ቋንቋ ይጮሁብኛል። ጣቴ ከቃታው አጠገብ ነው፤ አልተኮስኩም። ያን ቀን አንድም ሰው አልሞተም። ከሩቅ ያየኝ ሰው ቆሞ ይመለከታል ሊል ይችላል።

እህተ ወታደር፦
አላህ ይስጥዎ ጋሼ።

የሐረጎ ሹፌር፦
ጋሼ አከብርዎታለሁ። ግን በ2005 የዲንካው አለቃ ኩዎል ዴንግ በሰላም አስከባሪው አጀብ ውስጥ እያሉ አልተገደሉም?

ጡረተኛው ከኮምቦልቻ፦
ተገድለዋል። የኛም ወታደር አብሮ ወድቋል። ተመልካች አብሮ አይወድቅም፣ ልጄ።

የቧንቧ ውሃው ልጅ፦
ኮሪያንስ ለምን ረሳችሁ? ቃኘው ሻለቃ አንድም ሰው ሳይማረክበት የተመለሰ ጦር ነው!

የሕግ ተማሪዋ፦
ኮሪያ ጦርነት ነው፤ ሰላም ማስከበር አይደለም። ባንዲራው የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ አታደባልቀው። ኮንጎ በል፤ እዚያ የኛ ጠቅል ብርጌድ ነበር፣ በተባበሩት መንግሥታት ሥር የነበረው የሁሉም አገር ጦር አዛዥ እስከመሆን የደረሱት ሌተናል ጄኔራል ከበደ ገብሬም ነበሩ።

የቧንቧ ውሃው ልጅ፦
ኮሪያ የሞተው ለሰላም አልሞተም እያልሽ ነው? አያቴ እዚያ የዘመቱ ናቸው፤ እንዲህ ስትዪ ያመኛል።

የሕግ ተማሪዋ፦
እንደዚያ አላልኩም፤ ክብራቸውንም አልነካሁም። ሥራው ሌላ ነው ነው ያልኩት።

የሐረጎ ሹፌር፦
ኮሪያን ተዉትና ወደኛ እንምጣ። በ2014 ጥቅምት ደሴ ስትያዝ ሐረጎን ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ሰው ጭኜ ወርጃለሁ። አንዲት አራስ ጋቢና ውስጥ ልጇን ጡቷ ላይ አጣብቃ እስከ ታች «ደረስን ወይ?» ትለኝ ነበር። ስንደርስ ኮምቦልቻም ቀኗ ደርሶ ነበር። ያኔ ሰማያዊ ቆብ ያደረገ አንድ ሰው መሐል ቆመ? የኛ ልጆች ለሰው አገር ቆመዋል፤ ለኛ ማን ቆመ? ቁጭቴ ይሄ ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦
እኔም ያኔ እዚሁ ነበርኩ፤ ቁጭትህ ይገባኛል። ግን ያለ አገሩ ፈቃድ እንዲህ ያለ ጦር አይገባም። ከባድመ ጦርነት በኋላ በ1993 የተፈቀደውን የተባበሩት መንግሥታት ጦር አስታውስ። በኤርትራ መሬት ላይ 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ቀጠና ይጠብቅ ነበር። አስመራ በ1998 ሄሊኮፕተሩን አገደች፣ በኋላም ነዳጅ ከለከለች፤ በ2000 ሐምሌ ተልእኮው ተዘጋ። ሱዳንም በ2013 የኢትዮጵያ ጦር ከአብዬ ይውጣልኝ ስትል ወጣ። ማሊም በ2015 የተባበሩት መንግሥታት ጦር ይውጣልኝ አለች፤ ወጣ። ከፕሪቶሪያ በኋላ መቀሌ የገቡት የአፍሪካ ኅብረት ሰዎችም ስምምነቱን የሚከታተሉ ጥቂት ታዛቢዎች ነበሩ፤ ጦር አልነበሩም።

የሐረጎ ሹፌር፦
ታዲያ ፈቃድ ሰጪው ራሱ ተፋላሚ ከሆነ ያቺ አራስ ፈቃድ የምትጠይቀው ማንን ነው?

የሕግ ተማሪዋ፦
ለዚህ መልስ የለኝም።

እህተ ወታደር፦
እንዲህ ብለህ ከጠየቅክ አብሬህ ነኝ። መለዮ ለባሹን ግን ተመልካች አትበል፤ እንዲመለከት ያዘዘውን በል።

የሐረጎ ሹፌር፦
ስሬብሬኒካ ላይ የቆመውንስ? እሱም ታዞ ነው?

ጡረተኛው ከኮምቦልቻ፦
ስለሌላው ጦር አልምልም። የቧንቧ ውሃው፣ ለቅሶው እስከ መቼ ነው? ነገ እመጣለሁ። ያ ሰው ካለ በእናትየው ፊት ስለ አብዬ እነግረዋለሁ።

የሐረጎ ሹፌር፦
በ1 ሰዓት መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቁኝ፤ እኔ አደርስዎታለሁ ጋሼ። የስሬብሬኒካውን ግን መንገድ ላይ ይመልሱልኛል።