ባለቤቱ በሌለበት በር ሰብሮ ለጥገና መግባት ይፈቀድ? የባሕር ዳር ነዋሪዎች ክርክር

የመከራከሪያው ጥያቄ

በከተማችን የብዙ ቤቶች የውኃና የመብራት ቆጣሪ የሚገኘው ከአጥሩ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ለለቅሶ ወይም ለሥራ ወጥቶ ግቢው በተቆለፈበት ሰዓት ቧንቧ ቢፈነዳ ወይም ከቆጣሪው ሳጥን ጭስ ቢወጣ፣ የአገልግሎት ሰጪው ሠራተኞች ቁልፍ ሰብረው የመግባት መብት ሊሰጣቸው ይገባል ወይስ አይገባም?

አከራይ፣ ከሽምብጥ

አይገባም ባይ ነኝ። ሰው በሩን የሚቆልፈው ለሌባ ብቻ ብሎ አይደለም፤ ገመናውን ለመጠበቅም ነው። ዛሬ ቧንቧ ፈነዳ ተብሎ የተሰበረ በር ነገ ሒሳብ አልተከፈለም ተብሎ ላለመሰበሩ ዋስትና የለንም። የእንግሊዝን ተሞክሮ ማየት ይበቃል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ሕግ የጋዝና የመብራት ድርጅቶች ከአስቸኳይ አደጋ በስተቀር በነዋሪው ፈቃድ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ እንዲገቡ ደንግጓል። ይሁን እንጂ ድርጅቶቹ ትእዛዙን በጅምላ እያወጡ፣ ዕዳ ባለባቸው ደንበኞች ቤት የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ በግድ ለመትከል ተጠቀሙበት። የአቅመ ደካሞች በር ጭምር እየተሰበረ መሆኑ በጋዜጣ ከተጋለጠ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ሥራው ታገደ። ከዚያ የወጣው የአሠራር ደንብ ድርጅቶቹ ደንበኛውን ቢያንስ 10 ጊዜ ለማግኘት እንዲሞክሩ፣ ረዳት የሌላቸው ከ85 ዓመት በላይ የሆኑ አረጋውያንንም እንዳይነኩ የሚል ነበር። ፍርድ ቤት በመካከል ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ እኛ መብቱን በቀጥታ ለሠራተኛ ብንሰጥ ምን ሊከተል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የቧንቧ ጥገና ባለሙያ

ወንድሜ፣ እርስዎ ያነሱት የዕዳን ነገር ነው፤ እኔ ደግሞ የማውቀው ውኃ ሲፈስ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በኮንዶሚኒየም ላይኛው ፎቅ የሚኖር ሰው ቧንቧውን ከፍቶ ጠብ የሚል ነገር ሲያጣ፣ ሳይዘጋው ቆልፎ ይሄዳል። ውኃው ሌሊት ይመጣል። የእቃ ማጠቢያው ሞልቶ ወለሉን ያጥለቀልቃል፤ ከዚያ በኮንክሪቱ ስንጥቅ ወርዶ በታችኛው ቤት አምፖል መያዣ በኩል መንጠባጠብ ይጀምራል። ከታች ያለችው እናት ሕፃን ታቅፋ ደረጃው ላይ ቆማ የባለቤቱን ስልክ ስታፈላልግ፣ ባለቤቱ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ነው፣ ስልኩም ዝግ ነው። ውኃና መብራት በተገናኙበት ቤት የሰው ሕይወት አደጋ ላይ እያለ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ፈቃድ ልጠብቅ ማለት ነውን? የሰው ነፍስ ከአንድ ቁልፍ ይበልጣል።

ጠበቃ፣ ከሰፈነ ሰላም

ወንድማችን ያነሱት ምሳሌ ክርክሩን ከሐሳብ ወደ መሬት ስላወረደልን ከእሱ ልነሳ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የማንም ሰው መኖሪያ ቤት ከመበርበር የተጠበቀ መሆኑን ይደነግጋል፤ ይህንን መብት መገደብ የሚቻለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ተለይቶ በወጣ ሕግ ሲሆን፣ ከተዘረዘሩት ዓላማዎች መካከል የሕዝብን ጤና እና የሌሎችን መብት ማስጠበቅ ይገኙበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 13 ያለ ነዋሪው ፈቃድ ማንም ወደ ቤቱ መግባት እንደማይችል ይናገራል። በሌላ በኩል በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 75፣ የደረሰንና ከባድ የሆነን አደጋ ለማስቀረት የተፈጸመ ድርጊት አያስቀጣም ይላል፤ ነገር ግን አደጋውን በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆን አለበት።

ክርክራችን ማረፍ ያለበት እዚህ ላይ ነው። በምሳሌው ውስጥ ያለው ሕንፃ በምድር ቤቱ ዋና የውኃ መዝጊያ አለው፤ የታችኛው ቤት መብራትም ከራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ሳጥን ሊቋረጥ ይችላል። ሁለቱ ከተዘጉ በኋላ የሕንፃው ነዋሪ ሁሉ ለጥቂት ሰዓታት ውኃ ያጣል፤ ይህ ያስቸግራል እንጂ አይገድልም፤ ስለዚህ በሩን መስበር የሚያስፈልግበት ምክንያት ይቀራል። ጭስ ከተቆለፈ ቤት ሲወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ገመዱን ከምሰሶው ላይ ማቋረጥ የተቀጣጠለውን አያጠፋም፤ ያኔ ጥያቄ ሳይበዛ መግባት ይገባል፤ እንዲህ ያለውን ሠራተኛ የሚከስ ሰው እኔን ጠበቃ አድርጎ አያቆመኝም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነውና። ከወንጀል ነጻ መሆን ከካሣ ነጻ መሆን ማለት አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ራሱን ወይም ሌላውን ከአደጋ ለማዳን ሲል አስቦ በሰው ንብረት ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ኃላፊነት አለበት። ስለሆነም በሩን የሰበረ ተቋም በሩን ያሠራል። ይህ ግዴታ በግልጽ ቢጻፍ፣ ሠራተኛው መዶሻውን ከማንሳቱ በፊት ዋናውን መዝጊያ ይፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

ተከራይ፣ የሁለት ሴቶች ልጆች እናት

እስካሁን የተነጋገራችሁት ባለቤቱ የቤቱ ነዋሪ እንደሆነ አድርጋችሁ ነው። እኔ የምኖረው በኪራይ ነው፤ የግቢው ቁልፍ አከራዬም ዘንድ አለ። ሠራተኞች መጥተው አከራዬን ቢያስፈቅዱ፣ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ልጆቼ ብቻቸውን ባሉበት ቤት እንግዳ ወንዶች ሊገቡ ነው። ጠበቃዋ እኅቴ እንዳሉት ሕጉ የሚጠይቀው የነዋሪውን ፈቃድ ከሆነ፣ ፈቃዱ የእኔ እንጂ የአከራዬ አይደለም። የሠራተኛ ካፖርት ለብሶ መታወቂያ ሳያሳይ የሚያንኳኳ ሰውም ልጆቼን እንጂ ቧንቧውን ላይፈልግ ይችላል። እውነተኛ አደጋ ከሆነ ፖሊስ ወይም የሰፈር ሽማግሌ ባለበት ይግቡ፤ ሲወጡም አዲስ ቁልፍ አድርገው፣ ምን እንደሠሩና ማን እንደገባ በጽሑፍ ይተዉልኝ።

አከራይ፣ ከሽምብጥ

እኅቴ፣ ያሉት ልክ ነው፤ እኔም የተከራዮቼን በር በራሴ ቁልፍ ከፍቼ ሠራተኛ የማስገባት መብት እንደሌለኝ እቀበላለሁ። ጭስ ሲታይ መግባት እንደሚገባም ከጠበቃዋ ጋር እስማማለሁ። ከዚህ ውጭ ላለው ሁሉ፣ ማለትም ቆጣሪ ለመቀየር፣ ለማንበብም ሆነ ለተለመደ ጥገና፣ ቀን ተቆርጦ ይነገረን፤ እምቢ ያለ ካለም ፍርድ ቤት ይጠየቅ። የችግሩ ሥር ግን ቆጣሪው ከአጥር ውስጥ መሆኑ ይመስለኛል። ከመንገዱ ፊት ለፊት አጥሩ ላይ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ክርክር ግማሹ ባልተነሳ ነበር።

የቧንቧ ጥገና ባለሙያ

ስለ ሕንፃው ዋና መዝጊያ የተባለው እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ዝጎ አልዞር ይላል፣ ወይም በላዩ አፈርና ሲሚንቶ ፈስሶበት የት እንዳለ የሚያውቅ አይገኝም። መዝጊያዎቹ በየጊዜው ይፈተሹ፤ ይህ ካልሆነ የጠበቃዋ መፍትሔ ሌሊት ላይ አይሠራም። ቆጣሪ ወደ ውጭ ይውጣ ለተባለው ደግሞ፣ ውጭ ያለ ቆጣሪ ይሰረቃል። የሚቆለፍ የብረት ሳጥን ያስፈልገዋል፤ ወጪውን ማን ይችላል?

አከራይ፣ ከሽምብጥ

ሳጥኑንና ቁልፉን ተቋሙ ያቅርብ፤ አጥሩን የማስፈረሱንና ቧንቧውን እስከ ውጭ የማስቆፈሩን ወጪ ለሦስቱም ቤቶቼ እኔ እችላለሁ።